ድምቢጥ ያላየችው ነርቭ

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት ይውላልና፣ ዕረፍት ሲወጣ የራሱን አፍ የሚያዘጋው አይገኝም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹም እንዲሁ ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ጀርባ፣ ጋውን በሚሰቀልባትና የሻይ ማፍያ በሚያፏጭባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቀው ስለ ማሽኑ ይጨቃጨቃሉ።

ማሽኑ ሌላ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ነው። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ሐኪሙን የሚያስፈራው፣ ከጥርሱ ሥር አጠገብ በአጥንት ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ። እሱ ከተነካ የሰውየው ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴ ለወራት፣ አንዳንዴ እስከ ዕለተ ሞቱ። ማሽኑ ራጁን ያነብና ነርቩ በየት በኩል እንደሚሄድ በአረንጓዴ መስመር ያሰምራል። ከዚያ «ያሰጋል» ወይም «አያሰጋም» ይላል። ተማሪዎቹ ስም አውጥተውለታል፤ «ጠንቋዩ» ይሉታል።

ትምህርት ክፍሉ «ከእንግዲህ ያለ ማሽኑ ፈቃድ ማንም ስለት እንዳያነሣ ብናደርግ ምን ትላላችሁ?» ብሎ አስተያየት ጠይቋቸዋል። ጠቡም በዚሁ ነው።

«እኔ ከጉጠት ዓይን ይልቅ ጠንቋዩን ነው የማምነው» አለ ጠበቃ። ጠበቃ ያሉት የሕግ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ራት ቀርቦለት እንኳ ሳይከራከር ስለማይበላ ነው። ጉጠት ደግሞ የቀዶ ሕክምና መምህራቸው ናቸው፤ ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ዞር ሲሉ «ጉጠት»። «ሰው ይደክመዋል፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ይመጣል። ጠንቋዩ ሚስት የለው፣ ምን የለው!»

«ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» አለች ታላቅ እህት። ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው እሷ ናት፤ ልጅ ወልዳ ነው ትምህርት የጀመረችው። «የተሳሳተ ቀን ማን ሊጠየቅ ነው? ማሽኑን ወህኒ ታወርደዋለህ?»

«ሁሉን እሱ ካየልን የእኛ ዓይን ለምን ተፈጠረ? ለኩል ነው?» አለች ሌላዋ፤ ሳቁ ክፍሏን ሞላት።

«አንተስ ረጅሙ? ከላይ ሆነህ ምን ይታይሃል?» አለ ጠበቃ።

በበሩ ጉበን ሥር ጎንበስ ብሎ የቆመው ልጅ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ እንጃ» አለ። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣውም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያሉ ሰዎች የረጅሙን ዝምታ ስላላዩት ነው፤ የእሱ ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ሁለተኛ ዓመት ሳሉ ነው። ያኔ ማሽኑ ገና ምንም አያውቅም፤ መማር ነበረበት። የሚማረው ደግሞ ሰው ያሰመረውን እያየ ነው። ስለዚህ የድሮ ራጆች ለተማሪዎቹ ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ራጁን ከፍቶ ነርቩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተለ ያሰምር ተባለ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ አንገት ይሰብራል። ታዲያ ሁሉም ምን አደረገ? ድርሻውን እየተሸከመ አምጥቶ ድምቢጥ ላይ ጣለው።

ድምቢጥ የክፍሉ ትንሿ ልጅ ነበረች። በርጩማ ላይ ካልቆመች እጇ ከታካሚው አፍ አይደርስም። እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ጠበቃ «ነፍሴ፣ ለዛሬ ብቻ» ይላታል። ታላቅ እህት «ልጄ አሞብኛል» ትላታለች። ረጅሙም፣ ምን ይደበቃል፣ የራሱን ሰጥቷታል። ኋላ ግን ሕሊናው አላስቀምጥ ብሎት አጠገቧ እየተቀመጠ ያጫውታት ጀመር። አብረው ሲሄዱ ግቢው ሁሉ «ቁመታችሁን አዋጡና እኩል ተካፈሉ!» እያለ ይስቅባቸው ነበር። እሷም ትስቃለች፤ ስትስቅ አስቀድማ ጉሮሮዋን የመጥረግ አመል ነበራት።

ነርቩ በሁሉም ራጅ ላይ አይታይም። አንዳንዱ ላይ ከጥርሱ ሥር ሲደርስ ጉም ውስጥ እንደገባ መንገድ ድራሹ ይጠፋል። ድምቢጥ እዚያ ስትደርስ እጇን ታነሣለች፤ ፕሮግራሙ ግን የተቋረጠ መስመር አይቀበልም። «አልተሟላም» እያለ ይመልስባታል።

«አላውቅም የሚል ቁልፍ የለውም እንዴ?» አለችው አንድ ቀን።

«የለውም። ገምቺና እለፊ።»

«በሰው አጥንት ይገመታል? አንተ ደግሞ!» ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ መስመሩን ቀጠለችና፣ ያላየችው ቦታ ስትደርስ እንደ ውሃ ሞገድ አጣጠፈችው፤ ትንንሽ እጥፋቶች፣ የመጨረሻዋ ከሌሎቹ ተለቅ ያለች። «ይኸው። የሞገደ ቦታ ሁሉ እኔ ያልታየኝ ነው። ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

የጠየቃት የለም። ክረምት ሲገባ ትኩሳት ያዛት፤ ሳምንት እንኳ ሳትሰነብት ሞተች። ቀብር ላይ እናቷ፣ ጋውን እንኳ ሳያወልቁ የመጡትን ጓደኞቿን አንድ በአንድ አዩና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ሐኪሞች አይደላችሁም እንዴ?» አሉ። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ረጅሙ ከዚያ ቀን ወዲያ የእሳቸውን ደጅ አልረገጠም።

ማሽኑ ተምሮ ጨርሶ የተተከለው በዚህ ዓመት ነው። የተተከለ ሰሞን ረጅሙ የአንድ ሹፌር ራጅ ከፈተ። አረንጓዴው መስመር ከመንገጭላው ጥግ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መጣ፣ መጣ፣ ከጥርሱ ሥር ሲደርስ ሞገደ። ትንንሽ እጥፋቶች፤ የመጨረሻዋ ተለቅ ያለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ረጅሙ ክው አለ። ክፍሉ ያው የሁልጊዜው ክፍል ነው፤ የቅርንፉድ ዘይትና የአልኮል ሽታው፣ የምራቅ መምጠጫው ድምፅ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። አጠገቡ ያለችው በርጩማ ላይ ግን ሰው የተቀመጠ መሰለው። ጉሮሮ ሲጠረግም የሰማ መሰለው። ዞሮ አላየም። ዞሮ ቢያይ ባዶ መሆኗን ሊያውቅ ነዋ!

ከዚያ ወዲያ ሱስ ሆነበት። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እሱ ራጅ ይከፍታል። የማያውቀው ነጋዴ፣ የማያውቀው ፖሊስ፣ የማያውቃት አስተማሪ። ሞገዱ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴት ዋልሽ?» ይላል። ሰው ቢያየው አበደ ይለው ነበር፤ እሱም ራሱ ሳይጠረጥር አልቀረም። ሌላው ሙቱን በሕልሙ ያያል፤ እሱ በሰው መንገጭላ ውስጥ አገኛት።

መናገር ነበረበት? ነበረበት እንጂ! ማሽኑ «ያልታየኝ» የሚለውን ምልክት የነርቩ መንገድ ነው ብሎ ተምሮታል። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ በምድር ላይ ሰው የለም። ግን ከተናገረ ያርሙታል፤ ካረሙት እሷ ትጠፋለች። አንድ ጊዜ ቀብሯታል። ሁለተኛ ለመቅበር አንጀት አጣ።

አንድ ቀን ጠበቃ መንጋጋ የነቀለላት ልብስ ሰፊ ተመልሳ መጣች። ተቀመጪ ቢሏት አልቀመጥም አለች። «ክር በከንፈሬ ነው የማረጥበው» አለች። «አሁን ክሩ ከንፈሬ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሻይ ስጠጣ ደረቴ ሲርስ ነው መፍሰሱ የሚገባኝ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ?»

የጠበቃ ፊት አመድ መሰለ። «ማሽኑ አያሰጋም ብሎ ነበር እኮ» አለ። ጉጠትም መዝገቧን አዩና «ያጋጥማል። ሊመለስም ይችላል፣ እንጠብቅ» ብለው ሸኟት።

ሁሉም ሲወጡ ረጅሙ ራጇን ከፈተ። ሞገዱ ከሥሩ በታች ተጋድሟል። «አንቺ ነሽ?» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራት። ዘጋው፣ መብራቱንም አጠፋና ወጣ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። «አንድ ሰው ናት፤ ይመለስላታል» እያለ ራሱን ሸነገለ። ሆድ ግን አይሸነገልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታችኛው ከንፈሩ የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ታክሲ ውስጥ፣ ትምህርት መሐል፣ ሰው ሲያናግረው፣ አለ ወይስ የለም እያለ ይነክሰዋል። እስኪቆስል ነከሰው።

እንዲህ እያለ የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። እያንዳንዱ ተማሪ በጉጠት ፊት የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ በቀዶ ሕክምና ይነቅላል። ያለፈ ሐኪም ይሆናል፤ የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ለረጅሙ ረዳት እንዲሆን የደረሰው ጠበቃ ነው፤ ምራቅ መምጠጫውን ይይዝለታል። በሩ ተከፈተና ታካሚዋ ገቡ።

የድምቢጥ እናት ነበሩ።

«ጠፋህ፣ አንተ ልጅ» አሉት ረጅሙን። «ብቅ አትል፣ ድምፅህ አይሰማ። እኔስ በምን በደልኩህ?»

«እማማ…» አለ ረጅሙ።

«ይኼ ጥርስ ሲያሠቃየኝ ከረመ። ልጄ ብትኖር እሷ ነበረች የምትነቅልልኝ፤ ካልሆነ ጓደኛዋ ይንቀልልኝ ብዬ ለምኜ ነው የመጣሁ።» ዙሪያቸውን ቃኙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልክ እንደ እሷ። «ቆሜባት ነው የምሠራ የምትለኝ በርጩማ የትኛዋ ናት?»

ረጅሙ በጣቱ አሳያቸው። ሄደው ዳሰሷትና ቦርሳቸውን እላይዋ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥተው ተጋደሙ።

ማደንዘዣው ተወጋ። ስክሪኑ በራ። አረንጓዴው መስመር መጣ። ረጅሙ ላለማየት እየለመነ አየው፤ ከጥርሱ ሥር ሲደርስ ሞገደ፣ የመጨረሻዋ እጥፋት ተለቅ ብላ። ጥግ ላይ «አያሰጋም፣ ዘጠና ሰባት ከመቶ» ይላል። የልጃቸው እጅ በገዛ እናቷ መንገጭላ ውስጥ ተቀምጣ «እዚህ አልታየኝም» ትላለች፤ ማሽኑ ደግሞ «ቁረጥ» ይላል።

ረጅሙ ስለቱን አነሣ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ጉጠት። «ማደንዘዣው እስኪለቅ ነው?»

«ዶክተር፣ ይኼን ቦታ ማሽኑ አያውቀውም።»

«ዘጠና ሰባት ይላል እኮ! አንተ ስንት ትላለህ?»

«እኔ ምንም አልልም። እሱም ምንም ማለት አልነበረበትም። ይቺ ሞገድ ‹አላየሁም› ማለት ናት።»

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

ረጅሙ አፋቸውን ከፍተው የተጋደሙትን እናት አየ። እሳቸውም ያዩታል። «ድምቢጥ ናት» አለ።

መምጠጫው በጠበቃ እጅ ባዶ አየር መሳብ ጀመረ። ማንም አላጠፋውም።

«ሙት ምስክር ልታቆምብኝ ነው?» አሉ ጉጠት፤ ግን አልጮኹም።

ያኔ ረጅሙ ስለቱን አስቀምጦ ተናገረ። ድርሻቸውን ሁሉ እሷ ላይ እንደጣሉት፣ ፕሮግራሙ አላውቅም ማለትን እንደከለከላት፣ ሞገዱን እንዴት እንደፈጠረችው፣ ማንም እንዳልጠየቃት። ጠበቃ አቀርቅሮ ሰማ። ጉጠት ጠጋ ብለው ስክሪኑን አዩና፣ «በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ራጅ ይነሣላቸው» ብለው አዘዙ።

ተነሣ። ነርቩ ማሽኑ ያሰመረው ቦታ ላይ አልነበረም፤ በጥርሱ ሁለት ሥሮች መሐል ተወትፎ ነበር። አረንጓዴውን አምኖ የቆረጠ ሰው በቀጥታ በላዩ ላይ ያልፍበት ነበር።

ጉጠት መነጽራቸውን አወለቁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

ይቺ ነበረች የፈራት ጥያቄ። መዋሸት ይችል ነበር፤ «ዛሬ» ቢል ማን ያውቅበታል? «ከልብስ ሰፊዋ በፊት» አለ።

ጠበቃ፣ ያ አፉ የማይገጥም ልጅ፣ መምጠጫውን በቦታው ሰቀለና ወጣ።

«ዓመቱን ትደግማለህ» አሉ ጉጠት። «ዛሬ ስለቆምክ አይደለም። እስከ ዛሬ ስላልቆምክ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር።»

የድምቢጥ እናት ተነሥተው ተቀምጠው ነበር። ግማሽ አፋቸው ደንዝዟል፤ ቃሉ ወደ አንድ ወገን እየተንጋደደ ነው የሚወጣው። «አሳየኝ» አሉ።

ስክሪኑን ዝቅ አድርጎ አስጠጋላቸው። ጣታቸውን ሳያስነኩ በሞገዱ ላይ አሳለፉት። የመጨረሻዋ እጥፋት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺን ማሳበጥ የልጅነት አመሏ ነው» አሉ። «ፊደል ስትጽፍም መጨረሻውን እንዲሁ ታሳብጥ ነበር።» እንባቸው በደነዘዘው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ መውረዱን አላወቁትም፣ ረጅሙ ነው በጥጥ የጠረገላቸው። «ካረሙት ምን ትሆናለች?»

«ትጠፋለች፣ እማማ።»

ረጅሙ «ተዉት» እንዲሉት ተመኘ። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ተመኘ።

«አርሙት» አሉ። «የኔ ልጅ ሰው ከንፈር ላይ አትቀመጥም።»

ማሽኑ ተነቀለ። ተማሪዎቹ አስተያየታችሁ ይሰማ ሲባሉ ታላቅ እህት ብድግ አለችና፣ «ማሽኑ ምን አጠፋ? ያስተማርነው እኛ፤ ያውም ሥራችንን አንዲት ልጅ ላይ ጥለን። እሷ አላውቅም አለች፣ እኛ አስካድናት» ብላ ተቀመጠች። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች «አይታይም» የሚል ቁልፍ ጨመሩለት፤ ከተማሪዎቹም እያንዳንዱ ያኔ የጣለውን ድርሻ መልሶ ወሰደ። ሰልፍ ሠርተው ተቀመጡና የድምቢጥን ሞገዶች አንድ በአንድ ማጥፋት ያዙ። ጠበቃ ከረጅሙ ጋር አይነጋገርም፤ ግን አጠገቡ ተቀምጦ ሠራ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከስክሪኑ ነው አለ። ልብስ ሰፊዋን በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቃታል፤ ከንፈሯ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ረጅሙ የራሱን ድርሻ ከሁሉም ዘግይቶ ጨረሰ። ከዚያ በርጩማዋን ዞሮ አያት። ባዶ ነበረች።

የድምቢጥ እናት ያን ቀን ሳይነቀል የቀረውን ጥርስ ሊያስነቅሉ ዳግመኛ የመጡት ማሽኑ ታርሞ ሲመለስ ነው። የሚነቅሉት ጉጠት ራሳቸው ናቸው፤ ረጅሙ መብራት ይይዛል፤ ሌሎቹ ተማሪዎች በር ላይ ቆመው ያያሉ። እናትየዋ ቦርሳቸውን በርጩማዋ ላይ አስቀመጡ፣ ተጋደሙ፣ ስክሪኑ በራ። አረንጓዴው መስመር ከመንገጭላቸው ጥግ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ከጥርሱ ሥር ሲደርስ ተቋረጠ። ክፍተቱ ላይ «አይታይም» የሚል ጽሑፍ ነበር። ከወዲያ በኩል መስመሩ እንደገና ቀጠለ።

እናትየዋ ክፍተቱን በጣታቸው አሳዩ።

«ልጄ ያኔ ያለችው ይኼንኑ ነው?»

«አዎ፣ እማማ። ይኼንኑ ነው።»

«ይኼው ነው? ሌላ ነገር አላለችም?»

«ሌላ አላለችም።»

«ታዲያ ለምን አልሰማችኋትም?»

ጉጠት የያዙትን መርፌ ዝቅ አደረጉ። በር ላይ የቆሙት ተማሪዎች መሬት መሬት አዩ። ረጅሙ የቀዘቀዘ ከንፈሩን ነከሰ። መብራቱን አስተካከለላቸው።

«አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ እማማ» አለ።

ከፈቱለት።